ሜዳ ላይ መቅረት

ጊላድ፣ ብስክሌት አከራዩ ልጅ፣ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየው፤
ጋቢውን፣ ቆቡን፣ ከዘራውን፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱን፤
«ለእሳቸው ባለ አራት ጎማው ይሻላል» አለ፣
«ጣራ ያለው፣ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው።»
ተረጎምኩለት። አባቴ ሳቀ፦
«አራት እግር ካለው፣ ሣር ይበላል ወይ በዪው።»

ኅዳር ነው። ከጽፋት ሆስፒታል፣ ከሌሊት ተራ ነው የመጣሁት፤
ዓይኔ አሸዋ የሞላበት ያህል ይቆረቁረኛል።
የሑላ መንገድ ግን ለደከመ ሰው የተሠራ ነው፤
እንደ ተወጠረ ቆዳ ለጥ ብሏል፣
በግራ ውኃና ደንገል፣ በቀኝ ኦቾሎኒው የተነቀለ ማሳ፤
ሩቅ፣ አርሞንዔም ተቀምጧል፣
በረዶው ገና ስላልመጣ ራሱን ገልጧል።

«ዳገቱስ?» ይለኛል በየመቶ ሜትሩ።
«የለም።»
«ቁልቁለቱስ?»
«የለም አባባ፤ ይኸው ነው አገሩ።»

ዝም ይላል። ይረግጣል። እግሩ ሥራውን ያውቃል፣
ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ይፈጥናል።
ኋላ ድንገት፦
«ደምቢያ ሳለሁ ሠላሳ ዓመት፣ የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጬ፣
እንዲሁ ስረግጥ ኖርኩ፣ ጀርባዬን አጉብጬ፤
ጋቢው ገበያ ወጣ፣ ኩታው ሠርግ ወጣ፣
እኔ ግን እዚያው፤ ስንዝር ከጉድጓዱ ሳልወጣ።
ዛሬ ግን እዪ! ብረግጥ ዛፉ ወደ ኋላ ይሄዳል፣
ብረግጥ ውኃው ያልፋል።
ለካ ያን ሁሉ ዘመን የጎደለኝ
ጎማ ኖሯል!»

ሰሌዳ አገኘንና ቆምን። አነበብኩለት፦
እዚህ ትልቅ ሐይቅ ነበር። ቦይ ቆፍረው አደረቁት።
የደረቀው አፈር ከውስጡ ጨሰ፣ ነፋስም በተነው፤
ከብዙ ዓመት በኋላ ጥቂቱን ውኃ መለሱለት።
አባቴ አሰበ፣ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ፦
«ተሳሳቱና ተረተሩት። ነውር የለውም።
ከነስሕተቱ ከሚሸጥ ሸማ
የተተረተረ ይሻላል።»

ከሁለተኛው ድልድይ አለፍ እንዳልን ሰንሰለቱ ወለቀ።
ስልኬን አወጣሁ፤ ባትሪው አለቀ።
ፊትም ኋላም ሰው የለም።
«ሜዳ ላይ ቀረን!» አልኩ።
«ታዲያ የት ልንቀር ኖሯል?» አለ፣ «ሁሉም ሜዳ አይደለም?»

ከዘራውን ለእኔ ሰጥቶ ተንበረከከ።
ድመት የሚያህል የውኃ አይጥ ከቦዩ ወጥቶ፣
ብርቱካን መሳይ ጥርሱን ገልጦ፣
እንደ ቀን ሠራተኛ አለቃ ቆሞ ተመለከተን።
አባቴ ጥቁሩ ቅባት ውስጥ
እንደ ጠፋ ክር ፈልጎ፣ ዳብሶ፣
ጥርስ በጥርስ፣ ጥርስ በጥርስ፣
ሰንሰለቱን ለጎማው አለበሰው።

ያን ጊዜ መጡ።
መጀመሪያ ድምፅ ብቻ፤ ዘይት ያልነካው ሺህ በር ሲከፈት፤
ከዚያ ግራጫ ሰማይ፤ ከዚያ እግር፣ ከዚያ አንገት፤
ከማሳው ወደ ውኃው፣ ለማደር፣ እያጉረመረሙ።
በዕብራይስጥ አጉር ይሏቸዋል፤
የአማርኛው አልመጣልህ ቢለኝ «ሽመላ ናቸው» አልኩት።
«አይደሉም» አለ፤
«ሽመላን አውቀዋለሁ።
እነዚህን ዛሬ ነው ያየሁ።»
ስም አልፈለገላቸውም። አፉን ከፍቶ
እስኪያልቁ ቆመ፤ አላለቁም።

ስንመለስ መሽቷል። ጊላድ በሩ ላይ ሰዓቱን እያየ
«አንድ ሰዓት ከሩብ አሳልፋችኋል» አለ።
አባቴ ቁጥሩ ሳይገባው ፊቱን አነበበና፦
«ለጥገናው ስንት ይከፍለናል በዪው።»
ይህን አልተረጎምኩም።
ጊላድ ግን የአባቴን ጣቶች አየ፣
እስከ አንጓቸው ጥቁር፤
እጁን ከሰዓቱ ላይ አነሣና
ሳሙና ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባ።